የቱርቦ ቡሎን ሲሰበር ምን እንግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተሽከርካሪ

ጥያቄ፦ የምይዘው መኪና ባለ ቱርቦ የናፍጣ ቶዮታ ሂሉክስ ሲሆን፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ጭነት አመላልስበታለሁ። ቱርቦውን ከጭስ ማኒፎልዱ ጋር ከሚያያይዙት ቡሎኖች አንዱ ተበጥሶ ሌሎቹም በመላላታቸው፣ አንድ ጋራዥ ከሶማሌ ተራ በተገዙና ጭንቅላታቸው ላይ 12.9 የሚል በተጻፈባቸው ቡሎኖች ቀየረልኝ፤ “ከዚህ የሚበልጥ የለም” ተብዬም ነበር። ብዙ ሳይቆይ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ ተመለሰ፣ የመኪናውም ጉልበት ቀነሰ። ሲፈታ ገሚሶቹ ላልተው አንደኛው ተበጥሶ ተገኘ። አሁን አንዱ መካኒክ “የማይዝገውን ግዛ” ይለኛል፤ ሌላው “ቶርኖ ቤት አስቀርጽ” ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ “ዳዶውን በብየዳ ነካ እናድርገውና አይላላም” ይላል። የማንን ምክር ልስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ የብየዳውን ምክር ከሁሉ አስቀድመው ይተዉት። ማኒፎልዱ በአብዛኛው የሚሠራው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት በመሆኑ፣ ያለ ተገቢ ዝግጅት ነካ የተደረገ ብየዳ አጠገቡን ያሰነጥቀዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታም የሚጣለው ቡሎኑ ብቻ አይሆንም።

ወደ 12.9 እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ቡሎኑ ሳይበጠስ የሚችለውን ጉተታ በኒውተን ለካሬ ሚሊሜትር ይነግረናል፤ 12 ሲሆን 1200፣ 8 ሲሆን 800 ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ቡሎኑ ከዚህ ጉተታ ስንት አሥረኛው ላይ ሲደርስ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ እንደሚሳነው ያመለክታል። ጋራዡ “ከዚህ የሚበልጥ የለም” ሲል በዚህ ሚዛን አልዋሸም። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ብረቱ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ እጅ በሚነካው ሙቀት ነው። ጥንካሬው የተገኘውም ብረቱ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ከተደረገ በኋላ፣ እንዳይሰባበር እንደገና ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ወዳለ ሙቀት ተመልሶ በመሞቁ ነው። ቡሎኑ በሥራ ላይ እያለ ወደዚያ ሙቀት ሲጠጋና ሲያልፈው ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬ እየለቀቀ ይሄዳል። የናፍጣ ሞተር በጭነት ዳገት ሲወጣ ወደ ቱርቦ የሚገባው ጭስ ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በቤንዚን ሞተር ላይ ከ900 በላይ ይደርሳል። ቡሎኑ የጭሱን ያህል ባይግልም፣ ተጣብቆ የሚኖረው ከጋለው ብረት ጋር ነው። ሙቀትና ጉተታ አብረው ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚገኘውም የላላ ቡሎን ነው። አንዱ ሲላላ ሸክሙ በቀሩት ላይ ያርፋል፣ ንዝረቱም ይጨመራል፣ ከዚያ መበጠስ ይከተላል። እርስዎ የገለጹት ሂደት ይኸው ይመስላል።

“የማይዝገው” የሚለው ምክር ከዝገት አንጻር ትክክል ነው፤ ለዚህ ቦታ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በሱቅ በብዛት የሚገኘውና ጭንቅላቱ ላይ ኤ2-70 የሚል ያለበት የማይዝግ ቡሎን፣ ሲሞቅ ከጊዛ ይበልጥ ይረዝማል። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን 17 እጅ ያህል ሲረዝም፣ የጊዛው መስፋት ከ11 እስከ 12 እጅ ገደማ ነው። ይህ ከንቱ ልዩነት እንዳይመስልዎ። 40 ሚሊሜትር ውፍረት የሚያጣብቅ ቡሎን በሚገባ ሲጠብቅ የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ሲሆን፣ ሁለቱን ክፍሎች አጥብቆ የሚይዘውም ይህ ልጠት ነው። ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር የሁለቱ ብረቶች የመርዘም ልዩነት ያንኑ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ የጠበቀው ቡሎን በዳገቱ መካከል እንዳልጠበቀ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የማይዝግ ቡሎን ከማይዝግ ዳዶ ጋር ሲታሰር ጥርሱ እርስ በርሱ ተናክሶ መፍታት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ማኒፎልዱ ራሱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከሆነ የመርዘሙ ችግር ይቀላል፤ ከቱርቦው ርቆ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቧንቧ ላይም የማይዝግ ቡሎን ቢታሰር ተቃውሞ የለኝም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? የምመክረው በሻንሲ ቁጥሩ ተፈልጎ የሚገኘውን የአምራቹን ቡሎንና ዳዶ ነው። አምራቾች ለዚህ ቦታ የሚመርጡት ክሮምና ሞሊብዲነም፣ አንዳንዴም ኒኬል በብዛት የተጨመረበትን ሙቀት የሚችል ብረት ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ባይኖርም አያስደንቅ። ዋጋው ከተራው ቡሎን በብዙ ይበልጣል፤ ሆኖም ቱርቦ ለማውረድ ከሚከፈለው የእጅ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። እስኪገኝ ድረስ መኪናው መቆም የማይችል ከሆነ፣ ያልተቀባ 8.8 ወይም 10.9 ለጊዜው ማሰር ይቻላል፤ ጊዜያዊ መሆኑን ግን አይርሱ፣ ቶሎ ቶሎም ያስፈትሹት። “ያልተቀባ” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ የሚያብረቀርቀው ቡሎን የተለበጠበት ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ የቀለጠ ዚንክም ጠንካራ ብረትን ሊያሰነጥቅ ይችላል። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶም ለሞተር መሸፈኛ እንጂ ለቱርቦ አይሆንም፤ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። የተሰነጠቀች ሮንዴላም በዚያ ሙቀት ስፕሪንግነቷን ታጣለች። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥርሱ ትንሽ ተጨፍልቆ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ቆላፊ ዳዶ ነው።

በልክ ረገድ በገበያችን ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በ10 ሚሊሜትሩ ቡሎን ላይ ነው። የጃፓን መኪኖች በብዛት የሚጠቀሙት ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር የሆነውን ሲሆን፣ በብረታ ብረት ሱቅ በብዛት የሚገኘው ግን 1.5 ነው። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የሚጠብቀውን ቡሎን “ትንሽ ዝጎ ነው” ብሎ በረጅም መፍቻ መግፋት ጥርሱን ይገድለዋል። መፍቻውም ፍንጭ ይሰጣል፦ የጃፓኑ 10 በ14 መፍቻ ሲፈታ፣ የአውሮፓው ልክ 16 ወይም 17 ይፈልጋል፤ 8 ሚሊሜትሩም በጃፓኑ 12፣ በአውሮፓው 13 ነው። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። አሮጌውንና አዲሱን ቡሎን ጎን ለጎን ይዘው ጥርሳቸውን እርስ በርስ ቢያስነክሱና ወደ ብርሃን ቢያዩ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አንድ አይደሉም። ዳዶውም ከዳር እስከ ዳር በጣት ብቻ መዞር አለበት፤ ቆላፊ ዳዶ ከሆነ ግን መጨረሻው ላይ መያዙ የታሰበበት ነው። ርዝመቱንም ይለኩ፤ ቀዳዳው ደፍን ሲሆን የረዘመ ቡሎን ከታች ይነካና የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቱርቦውን አልያዘም።

ቶርኖ ቤቱን በተመለከተ፣ ባለሙያው ጥርስ ማውጣት አያቅተውም፤ ጥያቄው ከምን ብረት ያወጣዋል የሚለው ነው። ስሙ የማይታወቅ ዘንግ ተቀርጾ የሚመጣ ከሆነ ከአሁኑ ቡሎንዎ አይሻልም። ጥርሱ በመቆረጥ የወጣ ቡሎንም፣ ጥርሱ በፋብሪካ ተጨፍልቆ ከወጣው ይልቅ በንዝረት ቶሎ ይደክማል።

ቡሎኑ ትክክል ቢሆንም ፊቱ የተጣመመ ማኒፎልድ መልሶ ይሰብረዋል። ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ተጋድሞበት በስስ መለኪያ ይፈተሽ፤ ጓርኒሲዮኑም አዲስ ይሁን። ቡሎኖቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በመስቀልኛ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ይጠበቁ። የኃይሉ መጠን ከመኪናው መጽሐፍ ይወሰድ። ቱርቦው አንዴ ከወረደ፣ የዘይት መግቢያዋን ቀዳዳ ያላት ቡሎንም ልብ ይበሉ፦ ቀዳዳዋ የዘይቱን መጠን እንድትወስን ሆና የተሠራች ልትሆን ስለምትችል በሌላ አትቀየርም፤ የመዳብ ሮንዴላዎቿ ግን ይቀየራሉ። እስኪሠራ ድረስ ድምፁን ችላ ብለው ጭነት አይጫኑ፤ የሚያመልጠው ጭስ አጠገቡ ያለውን የዘይት ቧንቧና ሽቦ ሊያቃጥል፣ መርዛማ ጋዙም ወደ ጋቢና ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ነው የምኖረው። ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪናዬ ከቱርቦው በኋላ ያለው የጭስ ቧንቧ ዳዶዎች በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝገው ቅርጻቸው ጠፍቷል። ስፈታቸው እንዳይበጠሱ ምን ላድርግ? አዲሶቹንስ እንዳይጣበቁ ምን ልቀባቸው?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት በዋዜማው ይርጩባቸው፣ በማግስቱም ይድገሙት፤ ሲሊኮን ያለበትን ግን አይጠቀሙ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል። ሲጀምሩ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይነቅንቁት፣ ከዚያ ይፍቱት፤ ሲከብድ ይመልሱና እንደገና ይሞክሩ። እምቢ ካለ ዘይቱ ተጠርጎና ደርቆ ካለቀ በኋላ ዳዶውን ብቻ በእሳት ማሞቅ ይረዳል፤ የነዳጅና የዘይት መስመር በአቅራቢያው ካለ ግን አይሞክሩት። ቅርጹ ፈጽሞ የጠፋውን ዳዶ ጎኑን ሰንጥቆ ማውጣት ከቱርቦው አካል ውስጥ የተበጠሰ ቡሎን ከመቦርቦር እጅግ ይቀላል። አዲሶቹ ዳዶዎች በመዳብ የተለበጡ ቢሆኑ ይመረጣል። ጥርሱ ላይም ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ የመዳብ ወይም የኒኬል ቅባት በስሱ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ተቃጥሎ ከሰል ስለሚሆን መጣበቁን ያብሳል። የተቀባ ጥርስ ያለ ብዙ ግፊት ስለሚዞር፣ መጽሐፉ የሰጠው መጠን ለደረቅ ጥርስ ከሆነ በሩብ ያህል ቀንሰው ያጥብቁ።