ጥያቄና መልስ፦ የእንቅርት ኪኒን ከጀመረች ወዲህ እናቴ ሁለት ጉርሻ ላይ ትጠግባለች

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከመንዝ መሀል ሜዳ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። አምና ልቧ ድው ድው እያለ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስኒ እንኳን መያዝ አቅቷት ነበር፣ በዚህ በኛ ብርድ ሌሊት ባናውን ገፍፋ ነበር የምታድረው፣ እየበላች ትከሳለች፣ በቀን 4 እና 5 ጊዜ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ደብረ ብርሃን ወስጃት የእንቅርት ሆርሞኗ በዝቷል ተብሎ ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ፒቲዩ እና የልብ ምቷን የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎል ጀመረች፣ ይኸው 5 ወር ሆናት። ልቧ ተመለሰ፣ ኪሎም ጨመረች። አሁን ግን ሁለት ጉርሻ ስትበላ ጥግብ ትላለች፣ ምሳዋ እስከ ማታ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነው የሚሰማት፣ ሽንት ቤት በሳምንት 2 ጊዜ ብትወጣ ነው፣ ባናውን ደርባም ይበርዳታል። ጎረቤት መድኃኒቱ ጨጓራዋን ገደለው ተዪው እያሏት ነው። ላስቁማት?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ በራስሽ አታስቁሚያት። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው ባናው ላይ ነው። አምና ስትገፈው የነበረችው ሴትዮ ዘንድሮ ደርባውም ከበረዳት፣ ሆዷ ከደረቀ፣ ኪሎዋም ከጨመረ፣ እኔ ቶሎ የምጠረጥረው ጨጓራዋን ሳይሆን የመድኃኒቱ መጠን አሁን በዝቶባት ሆርሞኗ ከሚገባው በታች መውረዱን ነው።

የእንቅርት ሆርሞን የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴም ይነካል። ሲበዛ ምግብ በትንሹ አንጀት ውስጥ ቶሎ ያልፋል፣ ያ ሁሉ የሽንት ቤት ምልልስ ከዛ ነው የመጣው። ጨጓራው ራሱ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይፈጥንም፣ አንዳንዱ በሽተኛ ላይ ፈጥኖ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ ደህና ነው፣ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ይዘገያል። ሆርሞኑ ሲያንስ ነው ነገሩ ግልጽ የሚሆነው፣ ጨጓራም አንጀትም ይጎተታሉ፣ ምሳው ሳይወርድ እራት ይደርሳል። ጤነኛ ጨጓራ የበላነውን ጠጣር ምግብ በ4 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 90 እጁን ወደ አንጀት ያወርዳል፣ ስለዚህ የቀን ምሳዋ ማታ ሙሉ ሆኖ ከተሰማት ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ደስ የሚለው፣ ምክንያቱ ይሄ ከሆነ መጠኑ ሲስተካከል ሆዷም ቀስ እያለ ይመለሳል። የሚያስፈልጋት የደም ምርመራ ነው፣ ቲኤስኤች (እንቅርቱን የሚያዘው የአንጎል ሆርሞን፣ የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ዝቅ ይላል) ብቻ ሳይሆን ቲ4 (የእንቅርት ሆርሞኑ ራሱ) አብሮ ይታይላት፣ ምክንያቱም ሆርሞኑ ወርዶ እያለ ቲኤስኤች ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ዝቅ እንዳለ ይቆይና ገና በሽታው አለ ያስብላል። ፒቲዩ የጀመረ ሰው መጀመሪያ አካባቢ በየ4 እና 6 ሳምንቱ መታየት ነበረበት፣ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ ግን 5 ወር ያለ ምርመራ ከቆየች በጣም ረዝሟል። ፕሮፕራኖሎሉንም በድንገት እንዳታቋርጥ፣ ልቧ ሊነሳባት ይችላል። ሆርሞኑ ልክ ሆኖ ከተገኘ ደሞ ስኳሯ እና የጨጓራ ባክቴሪያም ይታይላት፣ ሁለቱም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ።

እስከዛው ትንሽ ትንሽ ደጋግማ ትብላ፣ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ሽሮ፣ ቀጠን ያለ በሶ። ቆሎና ጥሬ ጎመን ለደረቀ አንጀት ጥሩ ነው ይባላል፣ ለዘገየ ጨጓራ ግን ከባድ ነው፣ ለጊዜው ይቅርባት። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ቆይታ በአንድ ጊዜ ጥግብ ብላ የምትበላ ከሆነም የንስሐ አባቷን ታማክር፣ ለታመመ ሰው እኮ ይፈቅዳሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትኩሳት ከጉሮሮ ህመም ጋር ከመጣባት፣ ወይ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሽንቷ ከጠቆረ፣ የሚቀጥለውን ፒቲዩ ሳትውጥ በዛው ቀን ሐኪም ቤት አድርሻት። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልንና ጉበትን ይጎዳል፣ እዛ ላይ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ስትሄዱ የበፊቱን የምርመራ ወረቀትና የኪኒኑን ማሸጊያ ያዢ፣ ባናውንም እንደነገርሽኝ አድርገሽ ለሐኪሙ ንገሪው።