ኢንሹራንሱ የላካት ነርስ ሐኪሙ ጋ አብራኝ ልትገባ ትችላለች ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ፍራሽ ስታነሺ ወገብሽን ተጎድተሽ፣ የአሠሪሽ የሠራተኞች ካሳ ኢንሹራንስ ሕክምናሽን እንድትከታተል የመደባት ነርስ «ሐኪሙ ጋ አብሬሽ ልግባ» ትልሻለች። የራሴ ሐኪም ጋስ መሄድ አልችልም ወይ ብለሻል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን እዚሁ ቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆም ስሠራ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ሸርተት አሉብኝ፤ ልይዛቸው ስል ትከሻዬ ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ስለ ሐኪሙ፦ አሠሪሽ ቢያንስ 3 ሐኪሞች ያሉበት ዝርዝር ሊሰጥሽ ይገባል። የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ማኔጀሩ አይደለም። ዝርዝር ካልሰጡሽ የራስሽን መምረጥ ትችያለሽ። ሰጥተውሽ ሌላ ጋ ከሄድሽ ግን ሂሳቡ አንቺው ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዴ ከመረጥሽ መቀየር ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ሰው ጠይቂ። እኔ ለቤቴ ይቀርባል ብዬ መርጬ ተጸጽቻለሁ።

ከነርሷ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ለሐኪሙ የምትናገሪው ነው። እኔን «መቼ ጀመረሽ?» ሲለኝ «ቆየት ብሏል፣ ትንሽ ትንሽ ያመኝ ነበር» አልኩት። የሐበሻ ነገር፣ ሕመማችንን ስንናገር እንኳ ይሉኝታ ይይዘናል። እሱም «ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም» ብሎ ጻፈ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ በአንድ የታወቀ ሰዓት የደረሰን አደጋ እንጂ ሥራ ብዛት ቀስ እያለ ያመጣውን የወገብና የትከሻ ሕመም እንደ አደጋ አይቆጥርም። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ያንን አንድ መስመር ለማስተካከል 4 ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ስታነሺ እንደሆነ ለይተሽ ተናገሪ። ድሮም ያምሽ ከነበረ አትደብቂ፤ ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ መሆኑን ግን አስረጂው። አስተርጓሚም ጠይቂ። እኔ የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ «ደነዘዘኝ» ያልኩትን «ደከማት» ብሎ ተረጎመልኝ!

ነርሷ ክፉ ናት አልልም። የእኔዋ የኤምአርአይ ምርመራዬ በኢንሹራንሱ አልፈቀድ ብሎ ሲጓተት ደውላ ያስጨረሰችልኝ እሷ ናት። ደሞዟን የሚከፍላት ግን ኢንሹራንሱ ነው። ምርመራው ላይ አትግቢ ማለት መብትሽ ነው። «ለብቻዬ ልታይ፣ ሲያልቅ ታናግሪዋለሽ» በያት፣ በትሕትና። የሕክምና ወረቀቱን ለማንኛውም ታገኘዋለች። መጠበቂያ ክፍል ቁጭ ብለን «ቤት ማን ያበስላል? ልጆቹን ማን ያመላልሳል?» እያለች እንደ ወሬ የጠየቀችኝን ሁሉ በኋላ ሪፖርቷ ላይ አገኘሁት።

ሂሳቡን እየከፈሉልኝ ነው ብለሽም እንዳትዘናጊ። ጉዳቱን ለአሠሪሽ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቂ። ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ደግሞ የራስሽን ማመልከቻ አደጋው ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ አስገቢ። አሠሪሽ ሪፖርት አደረገ ማለት አንቺ አመለከትሽ ማለት አይደለም።

ቀለል ያለ ሥራ ከሰጡሽ ሐኪሙ ከጻፈልሽ ገደብ ጋር አስተያዪው። ሥራው ከገደቡ ሳያልፍ አንቺ እምቢ ካልሽ የደሞዝ ካሳው ሊቆም ይችላል። ሐኪም ቤት የተመላለስሽበትን ማይልም ጻፊ፣ ይከፈላል።

የሐኪሞቹን ዝርዝር ሲሰጡሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የማውቀው ካለ እነግርሻለሁ።