ዋንጫውን እውነት በልተናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ነው የምኖረው። አጎቴ ኳስ ባየን ቁጥር «እኛ እኮ የአፍሪካ ዋንጫ በልተናል» ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ አራት ቡድን ብቻ ስለነበረ አይቆጠርም ይላሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አጎትህ ልክ ናቸው፣ ወንድሜ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በልተነዋል። አራት ቡድን መሆኑም እውነት ነው፣ ግን ፍጻሜውን እየው። ግብፅ ያኔ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ነበረች፣ በ1949 ካርቱም ላይ በፍጻሜው 4 ለ 0 የረታችን እሷው ናት። በ1954ም ሁለቴ መራች፣ ሁለቴም አቻ አደረግን። 2 ለ 2 ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ተገባና ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2! አምበሉ የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ ነበር፣ ዋንጫውንም ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ይሄ አይቆጠርም የሚል ሰው ጨዋታውን አያውቀውም፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያማል። በ1960 እኛው አዘጋጅተን አራተኛ ወጣን። ከ1974 በኋላ ደግሞ 31 ዓመት ጠፋን። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ በረኛችን በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ የዛምቢያን ግብ ሲያቻችል የነበረውን ጩኸት እዚህ ጎንደር ፒያሳ የነበረ ሰው ይነግርሃል። ከምድብ ግን አላለፍንም። በ2014 ካሜሩን ላይም አላለፍንም፣ ያኔ የእኛው የፋሲል ከነማ ልጆችም ቡድኑ ውስጥ ነበሩ።