የከርከዴ ኬኬ ለምን አመድ መሰለ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ከርከዴና ስለ ዝንጅብል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከከተማው ዳር ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ጻፋችሁልኝ። ረጃጅሙን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ከርከዴን እንደ ሻይ ቅጠል ሳይሆን እንደ ሎሚ አስቡት። ኮምጣጣ ነው። ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች የብዙዎቹ መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጾም ኬክ እየጋገረች ለጎረቤት የምትሸጥ እህት ናት። ለልደት ቀይ ኬክ ታዘዘች። የሱቅ ቀለም አልጨምርም ብላ ከርከዴ አስፈጨችና ከሊጡ ጋር አዋሃደችው። ከኦቨን ሲወጣ አመድማ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። "ከርከዴው አሮጌ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" ትላለች።

ከርከዴው ደህና ነው፤ አንቺም ሙያ አላነሰሽም። ነገሩ ሶዳው ላይ ነው። የላክሽልኝ አሠራር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይላል። የጾም ኬክ እንቁላል ስለሌለው ብዙ ሰው የሚያስነሳው በዚሁ ነው። ግን ያ ሁሉ ሶዳ በዚያች ኮምጣጤ አያልቅም። የተረፈው ሊጡ ውስጥ ይቀራል። ኬኩን ቀምሰሽው ከሆነ የሳሙና ነገር ያለው ጣዕም አግኝተሽበት ይሆናል፤ እሱ ነው። የከርከዴን ቀይ የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም ደግሞ ቀይ ሆኖ የሚቆየው ኮምጣጣ ነገር ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት እንደምናውቀው እንደ ሊትመስ ወረቀት ሶዳ ሲነካው ይለወጣል።

ዛሬ ማታ በዓይንሽ እዪው። ግማሽ ብርጭቆ የቀዘቀዘ ከርከዴ ቅጂና ሶዳ ቆንጥረሽ ጣል አድርጊበት። መጀመሪያ አረፋ ይኮፈሳል። ደግመሽ ስትጨምሪበት ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ያንቺን ኬክ ወደመሰለው አመድማ አረንጓዴ። አሁን ሎሚ ጨምቂበት። ቀዩ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሶዳውን ትተሽ በቤኪንግ ፓውደር ሥሪ። እሱ ውስጥ ሶዳውን የሚጨርሰው አሲድ አብሮ ተመጥኖ አለ። የከርከዴው መልክ ያኔ ይሻሻላል። ሆኖም እውነቱን ልንገርሽ፤ ያኔም ቢሆን እንደ መጠጡ አይቀላም። የኦቨን ሙቀት ራሱ ያን ቀለም ያደክመዋል፣ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ወይም ቡናማ ነው የምታገኚው። ስለዚህ የእኔ ምክር ከርከዴውን ከሊጡ አውጪው ነው። ሊጡን ለዝንጅብል ስጪው፤ ዝንጅብል እሳት አይፈራም። ከርከዴው ኬኩ ከበሰለ በኋላ ይምጣ።

እንዲህ ነው። ሁለት እፍኝ ከርከዴ በሦስት ብርጭቆ ውሃ ቀቅለሽ አንድ ብርጭቆ እስኪቀር አክስሚውና አጥልይው። ውሃሽ የጉድጓድ ከሆነና መልኩ ከጠቆረብሽ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ሲበዛ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ከዚህ ግማሹን በስኳር አጣፍጠሽ ገና ትኩስ በሆነው ኬክ ላይ በማንኪያ አዳርሺው፣ ይምጠጠው። ከቀረው ደግሞ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ ወስደሽ በአንድ ብርጭቆ የዱቄት ስኳር ምቺው። ከላይ የምታፈሺው ይህን ነው፤ ኬኩ መቀዝቀዝ አለበት። ኦቨን ውስጥ ስላልገባ የሚወጣው ደማቅ ሮዝ የልደት ጠረጴዛ ላይ ከሩቅ ይታያል። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ የሱቅ ቀለም የለው። ያለ ቀለም ልሥራ ብለሽ መነሳትሽ ራሱ ደስ ብሎኛል። ቤታቸው ጋግረው የሚሸጡ እናቶችና እህቶች ከትልልቆቹ ኬክ ቤቶች ጋር በዋጋ መፎካከር ይከብዳቸዋል። ምን እንደጨመሩበት ደንበኛው ፊት መናገር ግን ይችላሉ። ይህን እንዳትለቂው።

ዝንጅብል ይላጣል ወይ? ለሻይ ከሆነ አጥቦ መውቀጥ ይበቃል፤ ለኬክ በማንኪያ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አድርጉት።

ከሱሉልታ፦ ከአዳማ ተዛውረው የመጡ እናት ናቸው። አዳማ እያሉ የሚያኮራ የዝንጅብል ኬክ ይጋግሩ ነበር። እዚህ ያው ዱቄት፣ ያው ኦቨን፣ ያው እጅ። ኬኩ ግን አሪፍ አድርጎ ይነሳና መሃሉ ዝቅ ይላል። ሠራተኛዋ በሩን እየከፈተች ነው ብለው ጠርጥረዋል።

እናቴ፣ ልጅቷን ይማሯት። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ነገር ይቀንሳል። ጋዙ ያለ ልክ ይለጠጣል፤ ኬኩ አጥንት ሳያበጅ ተነስቶ ይወድቃል። ውሃም እዚያ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ይቀንሱ። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያንሱ፣ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ፈሳሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። ኦቨኑን ከለመዱት 10 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት። አሁንም ከወደቀ ፓውደሩን ሌላ ቆንጠር ይቀንሱለት። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁም ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ አሠራር ስታዩ ይህን አስታውሱ፤ የእኛም ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ከሰበታ፦ ይህን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። ልጅ ናት የጻፈችው። እናቷ ለዓመታት የግፊት ኪኒን ይወስዱ ነበር። ከርከዴ በዝንጅብል ግፊት ያወርዳል የሚል ወሬ ሰሙና ጠዋትና ማታ እየጠጡ ኪኒኑን አቆሙ። "ደህና ነኝ" ይላሉ። ልጅየው የምትጠይቀኝ ስንት ስኒ ይጠጡ ብላ ነው።

እህቴ፣ የስኒውን ቁጥር አልነግርሽም። መጀመሪያ እናትሽን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ።

ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ግፊታቸው መጠነኛ የሆነ፣ መድኃኒት የማይወስዱ ሰዎች በቀን 3 ስኒ ከርከዴ ለ6 ሳምንት ጠጡ። የላይኛው ቁጥር በአማካይ 7 ገደማ ወረደ። ልብ በይ፤ ይህ ማለት 140 የነበረው 133 ይሆናል እንጂ 180 የነበረው ይድናል ማለት አይደለም። እናትሽ ኪኒን የታዘዘላቸው ቁጥራቸው በመጠጥ የሚመለስ ስላልሆነ ነው። "ደህና ነኝ" ማለታቸውም አያጽናናሽ። ግፊት ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ድምፅ ሳያሰማ ኩላሊትና ልብ ይጎዳል፣ ስትሮክ ያመጣል። አንዳንዱ ኪኒን ደግሞ በድንገት ሲቆም ግፊቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል።

በራሳቸው ፈቃድ ኪኒኑን መልሰው እንዳይጀምሩም። ቁጥሩን ተለክተው፣ ያቆሙትን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘው፣ ከርከዴና ዝንጅብሉንም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከኪኒን ጋር ሲደራረብ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላልና ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። ለወባ ክሎሮኪን የታዘዘለት ደግሞ እስኪጨርስ ከርከዴ ይተው፤ አብረው ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት እንደሚቀንስ ሱዳን ውስጥ ተጠንቷል። ድንገት ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መያያዝ ካየሽባቸው ጤና ጣቢያም አትጠብቂ፣ በቀጥታ ሆስፒታል። እናትሽ ከርከዴውን ይወዱታል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ከኪኒኑ ጋር ይጠጡታል። በኪኒኑ ፈንታ ግን በፍጹም።

ከለገጣፎ፦ ትኩስ ወተት ላይ ከርከዴ ጨምሮ "ሮዝ ማኪያቶ" ሊሠራ ሞክሮ የተቆራረጠበት ወጣት። ዝንጅብል በወተት ሲያፈላም አንዳንዴ ይቆረጣል ይላል።

ከርከዴው ሎሚ ነው አልኩ አይደል? ትኩስ ወተት ላይ ሎሚ ብትጨምቅ የምታገኘው አይብ ነው። ያንን ሐሳብ ተወው። የዝንጅብሉ ግን ሌላ ነው። እርጥብ ዝንጅብል ውስጥ የወተትን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። ቻይናዎች ሆን ብለው ሞቅ ያለ ወተት በዝንጅብል ጭማቂ ላይ አፍስሰው እንደ ፑዲንግ ያረጉታል። አንተ ግን ሻይ ነው የፈለግከው። ዝንጅብሉን መጀመሪያ በውሃ ደህና አድርገህ አፍላው፣ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ወተቱን ከዚያ ጨምር።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ልጨርስ። ደረቅ ዝንጅብል በእርጥቡ ምትክ ይሆናል? ይሆናል፣ ግን እኩል አትለኩ። ዝንጅብል ሲደርቅ የሚያቃጥለው ነገር ይለወጥና ከእርጥቡ በርትቶ ይመጣል። ለአንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ እርጥብ ሩብ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። ሽታው ግን አንድ አይደለም፤ ለብስኩት ደረቁን፣ ለኬክና ለማርማላታ እርጥቡን እመርጣለሁ። ስትገዙ ጠንካራውን፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚለውን ያዙ። የወላይታና የከምባታ ገበሬ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በገባው የአጠውልግ በሽታ ብዙ ማሳ አጥቷል። ከዚያ ተርፎ እጃችን የሚገባውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሽጎ ሳይበሰብስ መጨረስ ይገባናል።

በአሉሚኒየም ድስት ከርከዴ ይፈላል? አይፈላ። ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየምን ይበላል፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። በኢናሜል ወይም በማይዝግ ብረት አፍሉ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ሊጡ ተቦክቶ መብራት ሲጠፋስ?

የእርሾ ዳቦ ይጠብቃል፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። የቤኪንግ ፓውደር ሊጥ ብዙ አይጠብቅም። ቡታጋዝ ወይም ከሰል ካለ ቅቤ ወይም ዘይት በተቀባ ሳህን አድርጋችሁ ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና እንደ ሕብስት በእንፋሎት አብስሉት። አይጠብስም፣ ግን ልስልስ ያለ የዝንጅብል ኬክ ይወጣዋል። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጠብታው ሊጡ ላይ እንዳይወርድ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጠዋት ያቅለሸልሸኛል ላልሽው፦ ቀለል ያለ የዝንጅብል ሻይ ብዙዎችን ይረዳል፣ ከርከዴውን ግን እስክትወልጂ ተዪው። ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው።

ከአስኮ፦ ጭማቂው ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን ከርከዴ የሚጥሉ አባት ናቸው፤ "ያሳዝነኛል" ይላሉ።

ልክ ነው የሚያሳዝነው፣ አይጣሉት! ያ የምንቀቅለው ነገር የአበባው ቅጠል አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው፤ ሥጋ አለው፣ ማርማላታ የሚያረጋው ፔክቲንም አለው። ሜክሲኮዎች ቀቅለው ከጠጡት በኋላ ሽፋኑን በሽንኩርት ጠብሰው ይበሉታል። እርስዎ በደቃቁ ይክተፉት። ግማሹን ያህል ስኳር፣ አንድ አውራ ጣት የሚያህል የተፈጨ ዝንጅብል፣ እስኪሸፍነው ውሃ ይጨምሩና በዝግታ ያብስሉት። ማንኪያው የድስቱ ቂጥ ላይ መንገድ ሠርቶ ሲያልፍና መንገዱ ቶሎ ሳይዘጋ ሲቀር ደርሷል። በጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ትኩስ ድፎ ዳቦ ላይ ይቀቡት፣ በጾምም ይበላል።

የመጨረሻው ከቡራዩ ነው። "አጥሬ ላይ ያለው ቀይ አበባ ከርከዴ ነው ይሉኛል፤ ልቀቅለው?" አይቀቅሉት። ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ከርከዴ የቆላ ተክል ነው፣ የቡራዩን ብርድ አይወድም፤ ለጌጥ የተሸጠ ችግኝ ላይ ደግሞ ምን መድኃኒት እንደተረጨበት አይታወቅም። መርካቶ ቅመም ተራ ሲሄዱ ያልተፈጨውን፣ ሙሉውን ሽፋን ይግዙ።