የሰሜን ተራሮችን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው ወይስ እግዚአብሔር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። የጂኦግራፊ መምህራችን የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሥር በፈሰሰ ቅልጥ አለት ተሠሩ ብሎ አስተማረን። ግራ ገባኝ። የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው ወይስ እግዚአብሔር? ፈተና ላይ የመምህሩን መልስ ብጽፍ እምነቴን እንደ መካድ ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አይቆጠርብህም። የተማርከውን ጻፍ። ንስሐ የሚያስገባህ ብትኮርጅ ነው።

ተራሮችን ማን እንደፈጠረ ለአንተ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። እኔን ያሳሰበችኝ መሐል ላይ ያስገባሃት "ወይስ" ናት። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ አገኘኋት መሰለህ! በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ወንድም ሌሊቱን "እግዚኦ" ሲል አደረ። በኋላ ባለሙያዎች መንስኤው ከምድር በታች የሚንቀሳቀስ ቅልጥ አለት ነው ሲሉ ሰማ። "ታዲያ በከንቱ ነዋ የጸለይነው?" አለኝ። አፍሮ ነበር።

እስቲ አራስ ጥየቃ እንሂድ። ጎረቤትህ ሆስፒታል ወለደች። ሐኪም ነበረ፣ አዋላጅ ነበረች፣ ምጡም የራሷ ነው። ገብተህ ምን ትላለህ? "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ሐኪሙ "እኔስ?" ብሎ አይቆጣም። አንተም ሕፃኑ በማኅፀን እንዴት እንዳደገ በባዮሎጂ ስለተማርክ "የእግዚአብሔር ስጦታ" ማለትህን አትተውም። እዚያ ላይ "ወይስ" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ተራራ ላይ ሲደርስ ነው የምትመጣው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሙሴ ጸሎት (መዝሙር 89፣ በሌላው አቆጣጠር 90) ምን እንደሚል ልብ በል፦ "ተራሮች ሳይወለዱ"። ሳይወለዱ ነው የሚለው!

የእኛ አገር ተራሮች ምጥ ደግሞ ረጅም ነው። ምድር ከሥር በሙቀት ተገፋች፣ ተለጠጠች፣ ተሰነጠቀች። በስንጥቁ የወጣው ቅልጥ አለት እየፈሰሰ፣ እየቀዘቀዘ፣ እንደገና ሌላ እየፈሰሰበት፣ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባበረ። ሰሜን ሄደህ ገደሉን ፊት ለፊት ብታየው ንብርብሩ በዓይን ይለያል። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ቦረቦሩት። ስለዚህ ራስ ዳሽንን ከ4,500 ሜትር በላይ ቆሞ ስናየው፣ የምናየው ከመሸርሸር የተረፈውን ነው። ምጡ ዛሬም አላቆመም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። መዝሙር 103 (በሌላው አቆጣጠር 104) እግዚአብሔር ተራሮችን ሲዳስሳቸው ይጤሳሉ ይላል። ዘማሪው ጢሱንም አየ፣ እጁንም አየ።

ላሊበላ ተሳልመህ ከሆነ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አለት ስመህ ተመልሰሃል። እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሱ ነው።

"30 ሚሊዮኑስ? ከአዳም እስከ ክርስቶስ የምንቆጥረው 5,500 ዘመንስ?" ትለኝ ይሆናል። የዘመን አቆጣጠራችን ባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል የምናወጣበት ነው፤ እኔ የድንጋይ ዕድሜ መለኪያ አላደርገውም። በዚህ ከእኔ የሚለዩ መምህራን አሉ፣ አልደብቅህም። ያው የሙሴ ጸሎት ግን ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ ሺህ ዓመት በእግዚአብሔር ፊት እንዳለፈች እንደ ትናንት ቀን ናት ይላል። በሰው ሰዓት አትቸኩልበት።

መምህርህ "ስለዚህ ፈጣሪ የለም" ብሎ ከሆነ ከጂኦግራፊ ወጥቷል፤ በአክብሮት ልትጠይቀው ትችላለህ። ከጻፍክልኝ እንደተረዳሁት ግን እሱ እንዲያ አላለም። ያቺን "ወይስ" የጨመርካት አንተ ነህ።