መዛኙ ሰውዬ

እህታችን «የመጀመሪያ መጽሐፌ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ አሁን የወንጀል ታሪክ መጻፍ አማረኝ፤ አንባቢዎቼ ግራ ይጋቡብኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ጅማ ተቀምጬ የፍቅርም፣ የወንጀልም፣ የታሪክም ሞክሬያለሁ። በደህና የተሸጠልኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ምክሬን በዚያው ልክ ውሰጂው።

የወንጀሉን ከሬሳው ጀመርኩት። አዌቱ ወንዝ ዳር ሞቶ የተገኘ ሰው፣ አምስት ተጠርጣሪ፣ መጨረሻው ላይ ዱብ ዕዳ። ረቂቁን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ቡና ስንጠጣ «ሟቹን እኮ አላወቅኩትም፤ ታዲያ ማን ገደለው ብዬ ምን አስጨነቀኝ?» አለኝ። ተናድጄ ስኒዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሂሳቡን እሱ ከፈለ።

ንዴቴ ሲበርድ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰውዬ ነበር። ሁሉንም ነገር የሚያስበው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑ ነው። የከሳ ሰው ሲያይ «ግማሽ ፈረሱላ ጎድለሃል» ይላል። ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሞላ ጆንያ ሲመጣለት ከሚዛኑ በፊት የተሸካሚውን ጉልበት ያያል። ሲንቀጠቀጥ ካየ ፈገግ ይላል። እሱን መርማሪ አላደረግኩትም። እንዳለ፣ ከነመዛኝነቱ ታሪኩ ውስጥ አስገባሁት። ሌላው ሰው ደም ሲፈልግ እሱ አንዱ ጆንያ መጉደሉን አየ። የቀረው ታሪክ ከዚያ ተመዘዘ።

ለታሪካዊው ልብ ወለድ ደግሞ የመዛኙን አያት ፈጥሬ በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ላክሁት። መጀመሪያ ሰዎቼ ሁሉ እንደ ሬዲዮ ዜና ነበር የሚያወሩት። አያትዬው ለማን ዕዳ እንዳለበትና ከሚስቱ ምን እንደደበቀ ሁለት ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ነው አፋቸው የተፈታው። አሁን ለየትኛውም መጽሐፍ እነዚህን ሁለት ገጾች አስቀድማለሁ። አይታተሙም።

በዓሉ ግርማን አስቢው። በ1962 «ከአድማስ ባሻገር» ላይ ከቢሮ ሥራው ይልቅ ጥበብ ያማለለውን አበራን ሰጠን። በ1975 «ኦሮማይ» ላይ ደግሞ ጋዜጠኛውን ፀጋዬን አስመራ ወስዶ ጦርነት መሃል ከተተው። መጻሕፍቱ በጭራሽ አይመሳሰሉም። ሁለቱም ሰዎች ግን ሥራቸው ወዲህ፣ ልባቸው ወዲያ ነው።

አንባቢ ይሄዳል ወይ? አዎ፣ ጥቂቱ ይሄዳል። አንድ አሳታሚም «አንዱን ምረጥ» ብሎኝ ነበር፤ አልመረጥኩም፣ እሱም አላሳተመልኝም። ብቻ ሽፋኑ ላይ አትዋሺ። ጽጌረዳ አይቶ የገዛ ሰው ውስጡ ሬሳ ሲያገኝ ይቆጣል፤ እውነቱን ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሬሳው ግን ትንሽ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሰውየው ቁርሱን ሲበላ አሳዪኝ።