የታጠረ ግቢና ጎረቤት፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ በር የሚገባባቸው የመኖሪያ ግቢዎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ወደዚህ አምድ የሚመጡት ጥያቄዎችም ተለውጠዋል። ዱሮ የምትጠይቁኝ ስለ ድንበርና ስለ ፍሳሽ ነበር፤ አሁን ስለ ኮሚቴ፣ ስለ ወርሃዊ መዋጮና ስለ ጥበቃ ሆኗል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ባሕር ማዶ ስላሉ ልጆቻችሁ ጽፋችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ መልሴ።

«አባታችን በቅርቡ ዐረፉ። የምንኖረው ሐይቅ ዳር አካባቢ ባለ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። መሃል ላይ ካለው ሣር ሜዳ ድንኳን እንትከል ስንል ኮሚቴው ‹ሣሩ ይበላሻል፣ ደንቡም አይፈቅድም› ብሎ ከለከለን። የእድራችን ሰዎች በር ላይ መታወቂያ እየተጠየቁ አንድ በአንድ ገቡ። ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ሳይ አፈርኩ። ምን ማድረግ እንችላለን?»

በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ኮሚቴው የጠቀሰውን ደንብ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በብዙ ግቢዎች «ደንቡ አይፈቅድም» የሚባለው ነገር፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ያላጸደቀው፣ ቤቶቹን የሠራው ድርጅት ትቶት የሄደ ወረቀት ነው። ቤታችሁ ከሌሎች ጋር የተያያዘ ከሆነ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይመለከታችኋል። አዋጁ ከፎቅ አፓርታማ በተጨማሪ በአንድ ረድፍ የተሠሩ ቤቶችንም ይሸፍናል፤ የቤት ባለቤቶች ማህበር እንዲኖርና የጋራ ቦታው በማህበሩ እንዲተዳደር ያዛል። ቤታችሁ ራሱን የቻለ ካርታ ያለው ቪላ ከሆነ ግን ዋናው ማሰሪያችሁ ስትገዙ የፈረማችሁት ውል ነውና እሱን አውጥታችሁ አንብቡ። በሁለቱም መንገድ የጋራ ሜዳው የነዋሪው መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ለቅሶ አንድ አንቀጽ እንዲገባ አቅርቡ።

አንቀጹ አጭርና ግልጽ ይሁን። ሞት ሲያጋጥም ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ከወዲሁ ተለይቶ ይቀመጥ። አስፋልት የለበሰው የመኪና ማቆሚያ ለዚህ ይመቻል፤ ካስማ መቸንከር ሳያስፈልግ የድንኳኑን ገመድ በአሸዋ ጆንያ መያዝ ይቻላል። ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ብረት ድስቱ የት እንደሚጣድ፣ ዕቃ ማጠቢያው ውሃ በየት እንደሚፈስ ይጻፍ። ለበሩ ደግሞ ጥበቃው የሟችን ስምና የቤት ቁጥር ይያዝ፤ ያንን ስም የጠራ ሁሉ መታወቂያ ሳይጠየቅ ይግባ፤ የመኪና ሰሌዳ መመዝገብ ካስፈለገም ይመዝገብ። በዚህ መንገድ የጸጥታው ሥጋት መልስ ያገኛል፣ ለቀስተኛም በር ላይ አይጉላላም።

ለኮሚቴ አባላት የምለው አለኝ። የተረገጠ ሣር ውሃ ካገኘ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ልጆቹ ፊት ለአባታቸው ድንኳን የተከለከለ ቤተሰብ ግን ያንን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ያስታውሰዋል። እናንተ የተመረጣችሁት ለሰዎቹ ነው።

ለጠያቂዬ ደግሞ፦ ከዱሮ ሰፈራችሁ እድር እንዳትወጡ። ግቢው የራሱን እድር ቢያቋቁም እሰየው፤ የዱሮው ግን በዓመታት የተገነባ ነውና አትልቀቁት።

«ልጄ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። ከባሏ ጋር ቤት የገዙት የጎልፍ መጫወቻ ባለው የታጠረ መንደር ውስጥ ነው። ከባንኩ ዕዳ ሌላ ለመንደሩ ማህበር፣ ከዚያም ሌላ ለክለቡ በየወሩ ይከፍላሉ። አሁን ደግሞ ለክለቡ ቤት ማደሻ ብለው ተጨማሪ ብዙ ገንዘብ ጠየቋቸው። ልጄ ዱላውን እንኳ ነክታው አታውቅም! ኳሱም መስኮቷን ሰብሮባታል፤ እሱንስ ማን ይከፍላል? አልከፍልም ማለት አትችልም? እኔ እዚህ ታቦር ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ።» (እናት)

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በቅድሚያ አንድ ነገር ይለይ። በእንዲህ ያሉ መንደሮች ሁለት የተለያዩ አካላት ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው የቤት ባለቤቶች ማህበር ነው፤ መንገዱን፣ በሩን፣ አጥሩን፣ የጋራ አትክልቱን ይይዛል። ሁለተኛው ክለቡ ነው፤ የጎልፍ ሜዳውን፣ ምግብ ቤቱን፣ መዋኛውን ያስተዳድራል። በአንዳንድ መንደሮች የክለብ አባልነት በፈቃድ ነው፤ ያልፈለገ አይገባም። በሌሎቹ ግን ከቤቱ ጋር የተሰፋ ግዴታ ነው። በቤቱ ሰነድ ላይ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ቤቱን የገዛ ሁሉ፣ ተጫወተም አልተጫወተ፣ ይከፍላል።

የልጅዎ የትኛው እንደሆነ የሚነግራት ቤቱን ስትገዛ የተሰጣት የመንደሩ ሰነድ ነው። አባልነቱ ግዴታ ከሆነ «አልጫወትም» የሚለው ምክንያት አያድናትም። የፍሎሪዳ ሕግ ለቤት ባለቤቶች ማህበር ከባድ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ መዋጮ ያልከፈለን ሰው ቤት በዕዳ ማስያዝ፣ አልፎም ተርፎ በፍርድ ቤት በኩል ማሸጥ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብላ መክፈል እንዳታቆም ይምከሯት። ቅሬታ እያላትም ቢሆን መክፈሉ ይሻላታል፤ ክርክሩ ከዚያ ይቀጥላል።

የምትከራከርበት መንገድም አላት። እዚያው ፍሎሪዳ የማህበር አባል በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ማህበሩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መዝገቦቹን ሊያሳየው ይገባል። በጀቱን፣ የጨረታውን ወረቀት፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ትይ። ተጨማሪው መዋጮ በትክክል በድምፅ ጸድቋል? ደንቡ ከሚፈቅደው ጣራ አላለፈም? በአንዴ ሳይሆን በየወሩ መክፈል ይፈቀዳል? ይህን ሁሉ ትጠይቅ። ገንዘብ የጠየቃት ከማህበሩ የተለየ ክለብ ከሆነ ግን ሕጉም ሊለይ ስለሚችል፣ በዚህ ጉዳይ የሚሠራ የአካባቢው ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ማማከሩ ከሚያስወጣት በላይ ይጠቅማታል።

ለመሸጥ ካሰበች ደግሞ ገዢው የክለቡን ግዴታ አብሮ እንደሚረከብ ትወቅ። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከሚከፈቱት የጎልፍ ሜዳዎች የሚዘጉት በልጠው ቆይተዋል። ተጫዋቹ የቀነሰበት ክለብ ወጪውን ለቀሩት አባላት ያካፍላል፤ ያ የክፍያ ሸክም በቤቱ ዋጋ ላይ ይታያል። ሌላው የጠየቁኝ፣ ኳሱ መስኮቷን ስለመስበሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው በራሷ የቤት ኢንሹራንስ ነው። በሜዳው ጠርዝ ቤት የገዛ ሰው ኳስ ሊመጣ እንደሚችል አውቆ እንደገባ ይቆጠራል።

«በሐዋሳ ዙሪያ የጎልፍ ሜዳ ያለው የቪላ መንደር ሊሠራ ነው ብሎ አንድ ደላላ ሥዕሉን አሳየኝ። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ ክለብ ሁሉ አለው። ቅድመ ክፍያ አሁን ከከፈልኩ ዋጋው ይቀንስልኛል አለኝ። ልክፈል?»

በሥዕል ላይ አትክፈል፣ ወንድሜ። በአፍሪካ የጎልፍ መንደር አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ኬንያ ባሕር ዳርቻ ያለው ቪፒንጎ ሪጅ ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። ግን እስቲ ሥዕሉን ወደ መሬት እናውርደው።

ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ቢያንስ 50 ሄክታር ገደማ ይፈልጋል። ይህ 500,000 ካሬ ሜትር ነው። በ250 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን፣ መንገዱን ሳንቆጥር 2,000 የቤት ቦታ ይወጣዋል። ይህን ያህል መሬት በሐዋሳ ዙሪያ ባዶ ተኝቶ አይገኝም፤ እንሰትና ቡና ያለበት፣ ገበሬ የሚኖርበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው የቦታውን የሊዝ ውልና የማን እንደነበረ ነው። ካሳ ያላገኘ ገበሬ ካለ ክሱም ቂሙም ከቤቱ ጋር ለአንተ ይተርፋል።

ቀጥሎ ውሃው። ሣሩን በበጋ አረንጓዴ ለማቆየት ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ በረሃማ አገር ያሉ ሜዳዎች በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚጠጡበት ጊዜ አለ። የኛ አየር እንደዚያ ባይደርቅም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ፀሐይ ታውቀዋለህ። ከጉድጓድ ነው የሚስቡት ወይስ ከሐይቁ? የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣበት መውጫ የለውም። በጥቁር ውሃና በጎርፍ የሚገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በሣር ላይ የሚረጨው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ በዝናብ ታጥቦ ከወረደ የሚጠራቀመው ቆሮሶና አምባዛ በሚጠመዱበት ውሃ ውስጥ ነው። መውጫ ስለሌለው የሐይቁ ከፍታም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ከተማችን በዳርቻው ግድብ የሠራችው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀልባ ማቆሚያውን በሥዕሉ ላይ ባሳዩት መስመር የሚሠሩ ከሆነ፣ ውሃው ከፍ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩህ።

ሦስተኛ ሜዳው የማን ነው? በውሉ ላይ ሜዳው ለነዋሪዎች የጋራ ነው ካልተባለ፣ ባለቤቱ ነገ ዘግቶ ሌላ ነገር ሊሠራበት ይችላል። ለመኖሪያ ቤት የከተማ ቦታ የሊዝ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት 99 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን መስኮትህ ፊት ምን እንደሚኖር የሚወስነው ውሉ እንጂ ሥዕሉ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ደላላው ውልና ማስረጃ ለመቅረብ «ቆይ በኋላ» ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።

«ግቢያችን የራሱ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ አለው። ሁለተኛው ልጄ አዲስ ያወጣው ጥርስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። አፍልቼ ነው የማጠጣው። ችግሩ ከውሃው ይሆን?» (ከአቶቴ)

ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ልጁን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ያሉ ልጆችን፣ በተለይ ከ8 ዓመት በታች ያሉትን ይጎዳል፤ እጅግ ከበዛና ለዓመታት ከተጠጣ አጥንትም ይነካል።

እህቴ፣ ማፍላቱ ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ተራው የሸክላ ማጣሪያም አይዘው። የሚያወጡት በተቃራኒ ግፊት የሚሠሩ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባሉት) ማጣሪያዎች ወይም ከከሰለ አጥንት የተሠሩ ናቸው። ኮሚቴው ጉድጓዱን በላብራቶሪ አስመርምሮ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተፈራርማችሁ ጠይቁ። መዋጮ የምትከፍሉት ለዚህ ጭምር ነው። እስከዚያው ለልጆቹ መጠጥና ወተት ማዘጋጃ ሌላ ውሃ ተጠቀሚ። የዝናብ ውሃ ጥሩ አማራጭ ነው፤ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 100 ሊትር ይወርዳል። የመጀመሪያውን አቧራማ ዝናብ አሳልፈሽ፣ የተጣራውን በተከደነ ሮቶ ያዢው፤ ይህኛውን ደግሞ አፍልተሽ አጠጪ።

«ጦጣዎቹ በመስኮት እየገቡ ዳቦና ሙዝ ይወስዳሉ። ጎረቤቴ ደግሞ በረንዳው ላይ ሆኖ ይመግባቸዋል።»

ጎረቤትህ ካላቆመ የአንተ ወንፊት ብቻውን አይበቃም፤ የተመገበ ጦጣ ሰው መፍራት ይተዋል፣ ከዚያም ልጅ ይነክሳል። በጨዋነት አስረዳው። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ይችላል።

«የጋራ ጄኔሬተሩን ያስቀመጡት ከመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ሥር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጭሱ ይገባል።»

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለርስት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክትና ቅጂው ላይ አስፈርም። በዚህ መሃል ግን በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጋ፣ ሕፃናትንም እዚያ ክፍል አታስተኛ። የጄኔሬተር ጭስ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ስብሰባ እስኪጠራ የሚቆይ አይደለም፤ ዛሬ ይነሣልኝ በል።

«የቤት ሠራተኛ ነኝ። ማታ ስወጣ ጥበቃው ቦርሳዬን ሰው ፊት ዘርግፎ ይፈትሻል። የውስጥ ልብሴን ሳይቀር አውጥቶ አይቶታል። የግቢው ሰዎች በመኪና ሲወጡ ማንም አይጠይቃቸውም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።» (ከቱላ)

እህቴ፣ ይህንን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ያነበብኩት በጣም እያዘንኩ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የማንም ሰው አካል፣ ቤትና ንብረት ያላግባብ እንዳይመረመር ይጠብቃል። ይህ መብት ያንቺም ነው፤ የሥራሽ ዓይነት አይቀንሰውም። ግን ብቻሽን በር ላይ እንድትጋፈጪ አልመክርሽም። መጀመሪያ ለአሠሪሽ ንገሪ። ለመናገር ከከበደሽ ይህን ጽሑፍ አሳያት።

አሠሪዎች፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእናንተ ነው። ልጆቻችሁን የምታሳድገው፣ እንጀራችሁን የምትጋግረው እሷ ናት። ነገ ጠዋት ወደ በሩ አብራችኋት ሂዱና ለጥበቃው በስሟ አስተዋውቋት። ለኮሚቴውም ጻፉ፦ ፍተሻ የግድ ከሆነ ነዋሪም እንግዳም ሠራተኛም እኩል ይፈተሹ፤ ሴትን ሴት ትፈትሽ፤ ሰው በማያይበት ክፍል ይሁን፤ ዕቃ ይዛ የምትወጣ ሠራተኛ ከአሠሪዋ የተፈረመ ቁራጭ ወረቀት ካሳየች ቦርሳዋ አይከፈት። ደብዳቤው ላይ ከሦስት አራት ቤት በላይ ከፈረማችሁ ኮሚቴው አጀንዳ ሳያደርገው አይቀርም።